ዲግሪው ስንት ያወጣናል?



በዶርምም በመስጂድ በርም ደጋግሞ የሚነሳ ጥያቄ አለ፤ «አራት ዓመት ተምሮ ሥራ ፍለጋ ከመንከራተት አሁኑኑ ወጥቶ መነገድ አይሻልም?» የሚል። ጥያቄው ከስንፍና የመጣ አይደለም። ተመርቀው ቤት የተቀመጡ ታላላቆቻችንን እያየን ነው። ስለዚህ በስሜት ሳይሆን በሒሳብ እንመልሰው።

ብዙዎቻችን «መንግሥት በነፃ ያስተምረናል» እንላለን። ነገር ግን በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወጪ መጋራት ሥርዓት የምግብና የመኝታችንን፣ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶውን ለመክፈል ፈርመናል። ሥራ ስንይዝ ከደመወዛችን ይቆረጣል። ይህ ደይን ነው። አላህ (ሱ.ወ) በቁርኣን ረጅሙ አንቀጽ፣ በአል-በቀራህ 282፣ ዕዳ እንዲጻፍ ማዘዙ የጉዳዩን ክብደት ያሳያል። ሳናነብ አንፈርም።

ትልቁ ወጪ ግን ዕድሜያችን ነው። በአራት ዓመት ሙያ ይለመዳል፣ ሱቅ ይከፈታል፣ ቤተሰብ ይደገፋል። ይህን ትቶ የመጣ ሰው ወረቀት ብቻ ይዞ ከወጣ ከስሯል። በ2015 ዓ.ም. ከተጀመረው የመውጫ ፈተና ወዲህ ደግሞ 50 በመቶ ላላመጣ ወረቀቱም የለም።

ታዲያ እንተወው? እንደ እኔ፣ አይደለም። ሕክምናና ሕግ ያለ ዲግሪ በራቸው አይከፈትም። «ባንክ ወለድ ነው» ብሎ ተስፋ ለቆረጠ የአካውንቲንግ ተማሪም በ2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ዘምዘም ባንክ ሌላ በር አሳይቷል። ቀጣሪው ከወረቀት ይልቅ ችሎታ በሚጠይቅበት ዘርፍ ያለን ግን ክረምቱን በከንቱ አናሳልፍ፤ ከትምህርቱ ጎን አንድ የእጅ ሙያ ወይም ንግድ እንልመድ። ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ (ረ.ዐ) መዲና ባዶ እጃቸውን ገብተው የሀብት ግማሽ ሲቀርብላቸው የጠየቁት ገበያው የት እንደሆነ ነበር። ሪዝቅ ከአላህ ነው፤ ሰበብ ማድረስ ግን የእኛ ድርሻ ነው።

የጀመረ ይጨርስ፤ የሚያቋርጥም የሚይዘውን ሥራ በእጁ ካረጋገጠና ቤተሰቡን ካማከረ በኋላ ይሁን። ትምህርቱን ትቶ ሐላል ንግድ የጀመረውን ወንድማችንንም «ወደቀ» አንበለው። ጀመዓችን የእርሱም ነው።

ወሰላሙ ዓለይኩም።