ከመውደቅ በኋላ ያለው ሕመም

በአፋር ክልል ሎጊያ ከተማ፣ የጅቡቲ ከባድ መኪኖች በሚያልፉበት አስፋልት ዳር፣ ሰው በሚጥል በሽታ ሲወድቅ የሚከተለው እንደ ሌላው የአገራችን ከተማ ሁሉ ነው፤ ሕዝብ ይከባል፣ ክብሪት ተጭሮ ጭሱ ወደ አፍንጫው ይቀርባል፣ ጥርሱን ለማላቀቅ ማንኪያ የሚያስገባም አይጠፋም። ታማሚው ዓይኑን ሲገልጥ የከበበው ሕዝብ ይበተናል፤ ነገሩም እንዳለቀ ይቆጠራል።

ለታማሚው ግን አላለቀም። ራሱን የሚፈልጥ ሕመም፣ ጠርዙ ተነክሶ ያበጠና እህል ማላመጥ የሚከለክል ምላስ፣ እንደ ተደበደበ የዛለ ሰውነት፣ አንዳንዴም የወለቀ ትከሻ ይዞ ይነሳል። መንቀጥቀጡ ሲበረታ መውደቅ እንኳ ሳያስፈልግ የአከርካሪ አጥንት ሊሰበር ይችላል። በቀትር የጋለ አስፋልትና የምድጃ እሳት ቆዳውን ያቃጥላሉ፤ የአዋሽ ውኃና የመስኖ ቦዮቹ ደግሞ ሕይወቱን ሊወስዱ ይችላሉ።

በዓለም 50 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ከዚህ በሽታ ጋር ይኖራሉ፤ ተገቢውን ሕክምና ቢያገኙ እስከ 70 በመቶ የሚሆኑት ሳይጥላቸው መኖር እንደሚችሉ የዓለም ጤና ድርጅት ይገልጻል። በአገራችንም እ.ኤ.አ. በ1990 ይፋ የሆነው የዶክተር ረዳ ተክለሃይማኖትና የባልደረቦቻቸው የቡታጅራ አካባቢ ጥናት ከ1,000 ሰዎች ከ5 በላይ የሚሆኑት በበሽታው መያዛቸውን አሳይቷል። ፌኖባርቢታል ርካሽና የቆየ የበሽታው መድኃኒት በመሆኑ፣ ለሕክምናው መጓደል ድህነትን ብቻ ሰበብ ማድረግ አያስኬድም።

የዝግጅት ክፍላችን አቋም፣ ሕክምናው የሚመዘንበት ሚዛን ራሱ ጎደሎ ነው የሚል ነው። ታማሚው ወደ ጤና ጣቢያ ሲመለስ ስንት ጊዜ እንደጣለው ይጠየቃል፤ የት እንደሚያመው ግን እምብዛም አይጠየቅም። እሱም መጣሉ ስለቀነሰለት አመስግኖ ዝም ይላል። ይህ ዝምታ ዋጋ ያስከፍላል። ፌኖባርቢታልና ሌላው የበሽታው መድኃኒት ፌኒቶይን ለዓመታት ሲወሰዱ አጥንትን ሊያሳሱ ስለሚችሉ፣ የወገብ ሕመም አቤቱታ በድካም ተሳቦ የሚታለፍ አይደለም። ሕመሙን ለማስታገስ ከመድኃኒት ቤት የሚገዛው ትራማዶል ደግሞ በሽታውን መልሶ ሊቀሰቅስ ይችላል፤ ሻጩ የሚጥል በሽታ እንዳለበት ካልጠየቀው ገዥው ከየት ያውቃል?

ከሁሉ የሚከፋው የመድኃኒት መቋረጥ ነው። ፌኖባርቢታል በድንገት ሲቆም ለሞት የሚያደርስ ተከታታይ መንቀጥቀጥ ሊያስከትል ይችላል፤ ስለዚህ ከብቱን ተከትሎ ለወራት ለሚርቅ አርብቶ አደር ከከተሜው ለረዘመ ጊዜ የሚበቃ የመድኃኒት ስንቅ ሊሰጠው ይገባል። የዓለም ጤና ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2022 ያጸደቀውና እስከ 2031 የሚዘልቀው፣ ይህንን በሽታ የሚመለከተው የድርጊት መርሐ ግብር የጸደቀው ፋይል ውስጥ እንዲያርፍ አይደለም።

ሕዝቡም ድርሻ አለው። የአፋር ሕዝብ ዳጉ በተባለው ባህሉ ወሬን ከሰፈር ሰፈር በማድረስ የታወቀ ነው፤ የጎሳ መሪዎችና ሼኮች ከፈቀዱ፣ የወደቀን ሰው ከእሳት ማራቅ፣ በጎኑ ማስተኛት፣ በአፉም ምንም አለማስገባት በዚሁ መንገድ ሊዳረስ የሚችል ትምህርት ነው። የዋናው ኃላፊነት ባለቤቶች ግን ጤና ሚኒስቴርና የአፋር ክልል ጤና ቢሮ ናቸው፤ መድኃኒቱ ከሎጊያና ከሰመራ አልፎ እስከ ገጠር ጤና ኬላ ሳይቋረጥ እንዲደርስ፣ በታማሚው ካርድ ላይም ከመጣሉ ብዛት ጎን የሕመሙ ቦታና ጽናት እንዲመዘገብ ያዝዙ፤ አፈጻጸሙንም ለሕዝብ ያሳውቁ።