ቁልፍ ያስረከበ ሆስፒታልም ያስረክብ

አዲስ ሆስፒታል ሊሠራ ነው በተባለ ቁጥር የሚነገረን የአልጋው ብዛትና የፎቁ ቁጥር ነው። ለምን እዚያ ቦታ ላይ? ብሎ የሚጠይቅ የለም። ተጠያቂ ቢገኝም መልሱ "መሬት የተገኘው እዚያ ነው" ይሆናል።

እስኪ የአዲስ አበባን ካርታ እዩት። ጥቁር አንበሳ፣ ጋንዲ፣ ዘውዲቱ፣ ባልቻ፣ የካቲት 12፣ ራስ ደስታ፣ ምኒልክ ሁሉም በድሮዋ ከተማ ውስጥ ናቸው። ተጠንቶ አይደለም። ምኒልክን ንጉሡ አሠሩት፣ ባልቻን ሩሲያውያን ከፈቱት፣ ዘውዲቱ የአድቬንቲስት ሚሲዮን ነበር። አለርትና ቅዱስ ጴጥሮስማ ጭራሽ ከሰው እንዲርቁ ነው የተተከሉት፤ አንዱ ለሥጋ ደዌ፣ ሌላው ለሳንባ ነቀርሳ። ከተማዋ ናት ሄዳ የደረሰችባቸው። የዚያን ዘመን ሰዎች አልወቅስም፤ ሕዝቡ የነበረው እነሱ በሠሩበት አካባቢ ነው።

ዛሬስ ሰዉ የት ነው የሚያድረው? ቦሌ አራብሳ፣ የካ አባዶ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ፣ ጀሞ። ከካዛንቺስ የተነሳውም ገላን ጉራ ገብቷል። ይህ ሕዝብ ደግሞ ዝም ብሎ የተበተነ አይደለም። ዕጣ አውጥቶ ወይም ከሠፈሩ አንስቶ፣ የብሎክና የቤት ቁጥር ሰጥቶ ያሰፈረው መንግሥት ነው። ስለዚህ "የነዋሪውን ቁጥር መገመት አልቻልንም" የሚል ሰበብ እዚህ አይሠራም። ስንት ቁልፍ እንዳስረከቡ ያውቁታል። ኮንዶሚኒየም ሲነደፍ ለበግ ማረጃና ለልብስ ማጠቢያ እንኳን ኮሚዩናል ቤት ታስቦለታል።

"ጤና ጣቢያ አለ" ይሉናል። አለ፤ ይከትባል፣ ነፍሰ ጡር ይከታተላል፣ ያዋልዳል። ቀዶ ጥገና ሲያስፈልግ ግን በአብዛኛው የሚጽፈው ሪፈር ነው። ከወሊድ በኋላ ደም የሚፈሳት እናት በሁለት ሰዓት ውስጥ ልትሞት ትችላለች። ከአራብሳ ተነስቶ በሥራ መግቢያ ሰዓት መሀል ከተማ መድረስ ምን እንደሚመስል ለነዋሪው አይነገረውም። የጤና ባለሙያዎች የእናቶችን ሞት ሲተነትኑ "ሁለተኛው መዘግየት" የሚሉት ይህንኑ መንገድ ላይ የሚባክን ጊዜ ነው።

ስፔሻሊስትና መሣሪያ አንድ ላይ መሰብሰብ አለበት የሚለው ክርክር እውነት አለው። የካንሰርና የልብ ሕክምና መሀል ላይ ይሁን፤ ከክፍለ ሀገር ለሚመጣውም ይሻለዋል። እኔ የማወራው ስለ ምጥ፣ ስለ መኪና አደጋ፣ ስለ ትርፍ አንጀት ነው። ጥሩነሽ ቤጂንግ አቃቂ ቃሊቲ ላይ ባይሠራ ኖሮ የዚያ አካባቢ ሰው ዛሬም ለእነዚህ ሁሉ ወደ መሀል ይጋፋ ነበር።

ደግሞ "ዳር ይሁን" ማለት ባዶ መሬት በተገኘበት ይተከል ማለት አይደለም። ታክሲ የማይወጣበት ኮረብታ ላይ የቆመ ሆስፒታል ለጎረቤቱም ሩቅ ነው። ርቀቱ በኪሎ ሜትር ሳይሆን በታክሲ ቅያሬ ይለካ፤ እሱም ቀን ብቻ ሳይሆን ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ፣ ዝናብ እየጣለ።

ስለዚህ የመሠረት ድንጋይ ከመቀመጡ በፊት የተወዳደሩት ቦታዎች፣ ከእያንዳንዱ ሳይት የሚወስደው የጉዞ ሰዓትና አንዱ የተመረጠበት ምክንያት በአደባባይ ይውጣ። የኮንዶሚኒየም ባለዕድለኞችን ስም በጋዜጣ ዘርዝረው ማውጣት ችለው የለ?