የጓሮ ኩሬና ወራጅ ውኃ

ናይሮቢ የሚለው ስም በማሳይ ቋንቋ «ቀዝቃዛ ውኃ» ከሚለው አነጋገር የመጣ ነው። በዚያች ከተማ በጓሮው ኩሬ ቆፍሮ ቆሮሶ የሚያረባ ሰው ይህን ስም ባይዘነጋው መልካም ነበር።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2009 ዓ.ም. የኬንያ መንግሥት በ140 የምርጫ ክልሎች፥ በእያንዳንዱ 200 የዓሣ ኩሬ እንዲቆፈር ባቀደ ጊዜ፥ ቀድሞ ዓሣ አርብቶ የማያውቅ አያሌ ገበሬ የኩሬ ባለቤት ሆነ። ኩሬው ሞልቶ ውኃው አረንጓዴ መልክ ሲይዝ ግን አዲሱ አርቢ ይደነግጣል፤ ውኃው የሞተ ይመስለዋል። ስለዚህ ከአጠገቡ ካለው ጅረት ቦይ ቀድዶ፥ ውኃውን በአንድ ወገን አስገብቶ በሌላው ያስወጣዋል። አሳቡ ቅን ነው፤ ለቆሮሶ ግን ጉዳት ነው።

ያ አረንጓዴ መልክ የዓሣው መኖ ነውና። በዓይን የማይለዩ ደቃቅ ዕፀዋት በፍግና በፀሐይ ኃይል በውኃው ውስጥ ይበቅላሉ፤ ቆሮሶም እነርሱን ይመገባል። ሌት ተቀን የሚፈስ ጅረት ይህን ሁሉ ከነፍጉ ጠርጎ ይወስደዋል። ከዚህ የሚብሰው ብርዱ ነው። ቆሮሶ ደኅና አድርጎ የሚያድገው ከ25 እስከ 30 ዲግሪ በሚሞቅ ውኃ ነው፤ ሙቀቱ ከ20 ሲወርድ መራባቱን ያቆማል፥ ከ16 ሲያንስ መብላቱን ይተዋል። ናይሮቢ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የምትገኝ ከተማ ናት። ቀን ፀሐይ ያሞቀውን ኩሬ በሐምሌ ሌሊት በጅረት ማቀዝቀዝ ምን ይባላል? ከተማይቱን አቋርጦ የሚያልፈው የናይሮቢ ወንዝማ ቆሻሻውን ያየ ሰው ወደ ኩሬው ሊያስገባው አይደፍርም።

እርግጥ ነው፥ ጎሕ ሲቀድ ዓሦቹ አፋቸውን ወደ ውኃው ገጽ አውጥተው አየር ሲሹ ይታያሉ፤ ሌሊት ዕፀዋቱም ኦክሲጅን ስለሚፈጁ ነው። ለዚህ የኩሬውን የራሱን ውኃ በፓምፕ ስቦ፥ በድንጋይ ላይ እያወረዱ ወደዚያው መመለስ ይበቃል፤ ፀሐይ ስትሞቅ ፓምፑ ይቁም። ከውጭ የሚገባው ውኃ በትነትና በስርገት የጎደለውን ብቻ ይተካ። የዱር ዓሣ እንዳይገባ፥ የተረባውም እንዳያመልጥ፥ በመግቢያውና በመውጫው ወንፊት ይደረግ። ከወንዝ መጥለፍም በ2016 ዓ.ም. በወጣው የኬንያ የውኃ ሕግ ፈቃድ የሚጠየቅበት ነገር ነው።

ወራጅ ውኃ የሚሻው ትራውት ነው። በኬንያ ተራራና በአበርዴር ቀዝቃዛ ጅረቶች የሚኖረው፥ ኋላም ከኬንያ ወደ ባሌ ወንዞች የተሻገረው ይህ ዓሣ በናይሮቢ የጓሮ ኩሬ አይበረክትም፤ ቆሮሶም በእርሱ ጅረት አይበረክትም።