«በነፃ እናስጎብኛችሁ» ሲሏችሁ ኪሳችሁን ዳብሱ

የዛሬዋ ባለ ደብዳቤ የሃያ አራት ዓመት ወጣት ናት። መሥሪያ ቤቷ ለአምስት ቀን ሥልጠና ስፔን፣ ወደ ጥንታዊቷ የባሕር ዳርቻ ከተማ ወደ ባርሴሎና ሊልካት ነው። አበሏ ከእጅ ወደ አፍ ነው። ጣሊያን የምትኖር የአክስቷ ልጅ «አይዞሽ፣ ከተማውን የሚያስጎበኙት በነፃ ነው። ጃንጥላ የያዙትን ተከተያቸውና ሊያልቅ ሲል ላሽ በይ» ብላ መክራታለች። እሷ ደግሞ «ነፃ ከሆነ ላሽ የምለው ለምንድን ነው?» ብላ ግራ ገብቷት ጻፈችልን።

ጎበዝ! ጥያቄሽ ራሱ ግማሽ መልስ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለ ጃንጥላው አስጎብኚ አደባባይ ላይ ቆሞ የተመዘገበውን ሰው ይሰበስባል። ሁለት ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ በእግር ያዞራችኋል። ሲጀመር ማንም ሳንቲም አይጠይቅም። መጨረሻ ላይ ግን አስጎብኚው ቆም ብሎ «ከወደዳችሁት የፈቀዳችሁትን ስጡ» ይላል። ያ ጉርሻ ነው እንግዲህ የሰውዬው ደመወዝ። ይባስ ብሎ ብዙዎቹ ድርጅቶች አስጎብኚውን በተከተለው ሰው ቁጥር ልክ ያስከፍሉታል። ስለዚህ አንቺ ሹልክ ስትዪ ልጁ ሦስት ሰዓት ሊጠጋ ለፍቶልሽ ከኪሱ ይከፍልልሻል ማለት ነው። ታክሲ ተሳፍሮ ሒሳብ ሳይሰጥ ወርዶ የሮጠውን ሰው ወያላው ምን እንደሚለው ታውቂ የለ?

የአክስትሽ ልጅ ክፉ አይደለችም፤ «ነፃ» የምትለዋን ቃል አምናት ነው። አንቺ ግን ከሆቴል ሳትወጪ ወስኚ። ብዙ ሰው ከ10 እስከ 15 ዩሮ ይሰጣል። ያንን ለብቻው በአንድ ኪስ ያዢ። አበልሽ ካልፈቀደም አምስቷን በእጁ ሰጥተሽ፣ ዓይኑን አይተሽ አመስግኚው፤ ማንም አይቆጣሽም። ይሉኝታ ደግሞ በሌላ በኩል እንዳይመጣብሽ! ጎንሽ የቆመው ፈረንጅ 50 ዩሮ ሲመዝ አይተሽ የምሳሽን እንዳትመዢ። እሱ የሚበላው ከአበል አይደለም።

አሁን ደግሞ ከፍለሽ ምን ታገኛለሽ ወደሚለው እንምጣ። (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ እቆጥራለሁ።) አብዛኛው ጉብኝት የሚዞረው ጎቲክ በሚባለው አሮጌ ሰፈር ነው። እዚያ ጠባብ መንገድ ላይ፣ ከራስሽ በላይ ሁለት ሕንፃ የሚያገናኝ የተጠረበ የድንጋይ ድልድይ አለ። ሰው ሁሉ ፎቶ የሚነሳው እሱ ሥር ነው። አስጎብኚውን «ይሄ ስንት ዓመቱ ነው?» በይው። «ስድስት መቶ» ካለሽ እየሸወደሽ ነው፤ ድልድዩ የተሠራው በ1928 ነው። የካቴድራሉ ፊት ለፊትም ቢሆን ሕንፃው ከተጀመረበት ከ1298 የመጣ ሳይሆን የ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ሥራ ነው። ይህን ደፍሮ የሚነግርሽ አስጎብኚ 15 ዩሮው ይገባዋል። በእውነት አሮጌ ነገር ካማረሽ እዚያው ጀርባ፣ ካሬር ፓራዲስ የሚባል ጠባብ መንገድ ላይ ያለ አንድ ግቢ ውስጥ አራት የሮማውያን ቤተ መቅደስ ዓምዶች ቆመዋል።

ከሁሉም ግን ሳን ፌሊፕ ኔሪ የሚባለው ትንሽ አደባባይ እንዳያመልጥሽ። ፏፏቴ አለው፣ አጠገቡ ትምህርት ቤት ስላለ ልጆች ይጫወቱበታል። የቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ግን ፈንጣጣ እንደወጣበት ፊት ተበሳስቷል። ጥር ወር ማብቂያ ላይ፣ ጃንዋሪ 30 ቀን 1938፣ በእርስ በርስ ጦርነቱ ጊዜ ቦምብ ወድቆበት 42 ሰው ሞተ፤ አብዛኞቹ እዚያ የተጠለሉ ሕፃናት ነበሩ። ጦርነቱን ያሸነፈው የፍራንኮ ወገን ለብዙ ዓመት «ቀዳዳው ቄሶች የተረሸኑበት የጥይት ምልክት ነው» ሲያስወራ ኖሯል። ዛሬም ያንኑ የሚደግም አስጎብኚ ይኖራል። አትቀበዪው። ቦምቡን የጣሉት ፍራንኮን ሊረዱ የመጡ የሙሶሊኒ አውሮፕላኖች ናቸው። ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ በእኛ ሀገር ሰው ላይ የመርዝ ጋዝ ያዘነበው ያው አየር ኃይል ነው። ፈረንጆቹ ግድግዳውን አይተው ሲያልፉ አንቺ ትንሽ ብትቆዪ አይፈረድብሽም።

ስለ ሳግራዳ ፋሚሊያ ብዙ አልልሽም፤ በ1882 የተጀመረው ትልቁ ቤተ ክርስቲያን ነው። በእግር የሚያዞሩሽ ከውጭ ብቻ ነው የሚያሳዩሽ። ውስጡን ማየት ከፈለግሽ ትኬቱ አስቀድሞ በኢንተርኔት ይገዛል፤ በር ላይ ደርሼ እገዛለሁ ማለት የለም። ላ ራምብላ የተባለው ጎዳና ላይ ደግሞ ቦርሳሽን ከፊትሽ አድርጊ። መርካቶ ያደገ ሰው ምክር አይፈልግም፣ ግን ሰው ፎቶ ሲያነሳ ይዘነጋል።

አንድ ነገር ደግሞ፤ የሰፈሩ ሰው ጎብኚ ሰልችቶታል። በ2024 በጋ ሰልፍ ወጥተው ካፌ የተቀመጡ ቱሪስቶችን በውኃ ሽጉጥ ረጭተዋቸዋል። የቤት ኪራይ አናቱ ላይ ስለወጣባቸው ነው፤ አዲስ አበባ የሚከራይ ሰው ስሜቱ አይጠፋውም። ስለዚህ በጠባቡ መንገድ ላይ በር አትዝጉ፣ አትጩኹ። የአርባ ሰው መንጋ ከሚነዳ አስጎብኚም ራቂ፤ አይሰማሽም፣ ሰፈሩንም ታስቆጫለሽ።

ጃንጥላዎቹ ብዙ ጊዜ የማይደርሱበት ቦታ ሞንጁይክ ኮረብታ ነው። ደራርቱ ቱሉ በ1992 ኦሎምፒክ በ10 ሺህ ሜትር ወርቅ ያገኘችው እዚያ ስታዲየም ነው። ከጥቁር አፍሪካ ሴቶች በኦሎምፒክ ወርቅ ስታገኝ የመጀመሪያዋ እሷ ናት። ሁለተኛ የወጣችው ነጯ ደቡብ አፍሪካዊት ኤላና ማየር ነበረች፤ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን ዞሩ። ከፕላሳ ኤስፓኛ የሚነሳው 150 ቁጥር አውቶቡስ በስታዲየሙ በኩል ያልፋል። ለዚያኛው አስጎብኚ አያስፈልግሽም። ፎቶ ከተነሳሽ ግን አንዱን ለዝግጅት ክፍሉ ላኪልን።