ምዕራፍ አራት ያለ ስንቅ



ውድ ተመራቂ ወንድሞችና እህቶች፣ የመመረቂያ ጽሑፍ ማስረከቢያ ሲቃረብ ሁላችንም የምናዘጋጀው ይታወቃል፦ ቻርጀር፣ ፍላሽ፣ የአድቫይዘር ፊርማ። ምን እንደምንበላ ግን ማንም አያስብም። እንዲያውም ስለ ሆዱ የሚያስብ ተማሪ ቁም ነገረኛ አይመስለንም። ይህ አስተሳሰብ ስህተት ነው የምለው ከፍዬበት ነው።

ባለፈው ሴሚስተር የሦስታችንን ፕሮጀክት ምዕራፍ አራት የምጽፈው እኔ ነበርኩ። ሦስት ቀን በተከታታይ የካፌ እራት አመለጠኝ፤ "ይህችን አንቀጽ ልጨርስ" ስል በሩ ይዘጋል። ከዚያ ብስኩት፣ ሁለት ስኒ ቡና፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ደግሞ ለስላሳ። በሦስተኛው ሌሊት የወለሉን ጭነት በካሬ ሜትር መጻፍ ሲገባኝ በሜትር ጻፍኩት፤ በዚያው ስሌት ሰንጠረዡን ሁሉ ሞላሁ። አድቫይዘራችን ገና ሲያየው አገኘው። ስህተቱ የእኔ፣ የባከነው ሳምንት ግን የሦስታችንም ሆነ። ጓደኞቼ ምንም አላሉኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

የሚገርመኝ ማቀድ የማናውቅ ሰዎች አለመሆናችን ነው። በረመዷን ለሱሑር ማን እንደሚቀሰቅስ፣ ውሃ ማን እንደሚቀዳ፣ ቴምሩ ማን ሎከር ውስጥ እንዳለ ገና መግሪብ ሳይደርስ ይታወቃል። በሸዕባን የምንሠራውን ሂሳብ ለመመረቂያ ጽሑፍ የማንሠራው ለምንድን ነው?

ሂሳቡ ቀላል ነው። በሶ ተቆልቶ የተፈጨ ገብስ ስለሆነ ምድጃ አይፈልግም፤ ዶርም ውስጥ ምድጃ ክልክል ለሆነብን ይህ ትልቅ ነገር ነው። ለአንድ ሰው በቀን 70 ግራም ብንይዝ፣ ለሦስት ሰው በ14 ቀን 2,940 ግራም፣ ማለትም 3 ኪሎ የማይሞላ ነው። ውሃና ትንሽ ስኳር ካለ እራት ያመለጠው ሰው ባዶ ሆዱን አያድርም። ጭኮ ከቤት የተላከለት ባለጸጋ ነው። ዘይት ያለው ዳቦ ቆሎ ግን ከኪቦርድ ይራቅ፤ ላፕቶፔ ምስክር ነው። ቡናን በተመለከተ የወሎ ልጅ ነኝና ጠላቱ አይደለሁም። ሆኖም የካፌይኑ ግማሽ ከሰውነት ለመውጣት 5 ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል፤ ማታ 3 ሰዓት የጠጣነው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይም በግማሹ አብሮን አለ። ከዐስር ሶላት በኋላ ባይጠጣ እላለሁ፤ ፈጅር የሚያመልጠን ከዚያ በኋላ በምንጠጣው ነው።

"ገንዘቡስ?" የሚል ይኖራል፤ ልክ ነው። ከቤት ስንቅ የማይላክለት፣ ይልቁንም ከኪሱ ቆጥቦ ወደ ቤት የሚልክ ጓደኛ አለን። እሱን "አስቀድመህ አቅድ" ማለት ማሾፍ ነው። ስለዚህ ነገሩ የጀመዓው ነው። ለኢፍጧር ማዋጣት የምንችል ሰዎች ከሴሚስተር እረፍት ስንመለስ አንዳንድ ኪሎ በሶ ይዘን መምጣት አያቅተንም። ማን ምን ያህል እንደወሰደ የሚጻፍበት መዝገብ ግን አይኑር፤ ስሙን ማስመዝገብ አፍሮ ጦሙን የሚያድር ሰው አውቃለሁ። አንድ ዶርም ውስጥ ይቀመጥ፣ ብርጭቆውን የያዘ ይምጣ።

እኔ ከደሴ ስመለስ ሁለት ኪሎ አመጣለሁ። ስኳሩን ሌላ ሰው ይቻል።