መልሱ ምንባቡ ውስጥ አልተጻፈም

የ12ኛ ክፍል ፈተና በመጣ ቁጥር አገር የሚጮኸው ስለ ኩረጃ ነው። የ2014 ዓ.ም. ፈተና ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ተወሰደ፤ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ። ኩረጃውን ጥበቃ ሊያስቆመው ይችላል። ከሥሩ የተገለጠውን ባዶነት ግን ጥበቃ አይሞላውም። ልጆቹ ማንበብ አልተማሩም።

አንድ የሐረር ተማሪ በእንግሊዝኛ ፈተና ላይ ይህን የመሰለ የመርማሪ ታሪክ ገጠመው እንበል። ሌሊቱን ሙሉ ዝናብ ሲጥል አድሯል። አንድ የጀጎል ነጋዴ «ሌባ በመስኮት ገብቶ ዘረፈኝ» ይላል። መርማሪው ከመስኮቱ ሥር ያለውን ወለል ያያል፤ ደረቅ ነው፣ አቧራውም አልተነካም። ጥያቄው፦ መርማሪው ምን ተረዳ?

ሀ. ሌባው በመስኮት ገብቷል
ለ. ሌሊቱን ዝናብ አልነበረም
ሐ. የነጋዴው ቃል ከማስረጃው ጋር አይስማማም
መ. ሱቁን የዘረፈው ራሱ ነጋዴው ነው

የማጠናከሪያ ትምህርቱ ብልሃት የታወቀ ነው፦ ጥያቄውን አስቀድመህ አንብብ፣ ቃሉን ምንባቡ ውስጥ ፈልግ፣ ያገኘኸውን አጥቁር። ተማሪው «መስኮት» የሚለውን ቃል ያገኛል፤ ሀን ያጠቁራል። ትንሽ የነቃው መን ይመርጣል፤ እሱም ተሳስቷል። ነጋዴው ስለመስረቁ ምንም ማስረጃ የለም። መልሱ ሐ ነው፤ ግን ምንባቡ ውስጥ የትም አልተጻፈም። ዝናቡንና ደረቁን ወለል አገናኝቶ የሚያገኘው አንባቢው ራሱ ነው።

«የከበዳቸው እንግሊዝኛው ነው» የሚሉ አሉ። ግማሽ እውነት ነው። ያው ምንባብ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ ወይም በሐረሪ ቋንቋ ቢቀርብለትስ፣ ቃል ማደን ብቻ የለመደ ልጅ ልማዱን ይተዋል?

ሐረር ራሷ እንዲህ ያለ ጥያቄ አላት። ጀጎል ውስጥ «የራምቦ ቤት» የሚባል ያማረ ቤት አለ። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ ሐረር የገባው እ.ኤ.አ. በ1880፣ የሞተው በ1891 ነው። ቤቱን ያሠራው አንድ ህንዳዊ ነጋዴ ነው፤ የተሠራውም ገጣሚው ከሞተ በኋላ። ታዲያ ራምቦ በዚህ ቤት ኖሯል? ስሙን ብቻ የሰማ «አዎ» ይላል። ዓመታቱን ያስተያየ ግን «አልኖረም» ይላል። ለዚህ ትምህርት በጀት አያስፈልግም፤ ከክፍል ወጥቶ በእግር መሄድ ብቻ ነው።

የይልማ ሀብተየስ የወንጀል ምርመራ ልቦለዶች በአማርኛ አሉ፤ ሼርሎክ ሆምስም አለ። «ተራ ንባብ» ተብለው ከክፍል መራቃቸው ትልቅ ስህተት ነው። በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ አንድ ምዕራፍ ይነበብ፤ መምህሩም መልሱን ከመናገሩ በፊት «ከምን አወቅህ?» ብሎ ይጠይቅ።

ይህ የነጥብ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ዛሬ ሀን ያጠቆረው ልጅ ነገ የፌስቡክ ወሬ ያነባል። ያን ጊዜ ወለሉን የሚያሳየው መርማሪ የለም። «በመስኮት ገባ» የሚል ቃል ስላነበበ ብቻ ድንጋይ አንስቶ ጎረቤቱን ያሳድዳል።