ማጣሪያው ከመዝገብ ቤት ይጀምራል

ስለ ብሔራዊ ቡድናችን የማጣሪያ ጉዞ በሚጻፈው ሁሉ ሦስት ምክንያቶች ይደጋገማሉ፤ አሠልጣኝ፣ ስታዲየምና የአጥቂ እጥረት። ሦስቱም እውነትነት አላቸው። ይሁን እንጂ ማጣሪያ በሜዳ የተገኘው ነጥብ በሰነድም ጸንቶ መቆየት ያለበት ውድድር ነው። ይህ ሁለተኛው ፈተና በጥናቶቻችን ተገቢውን ቦታ አላገኘም፤ ክፍተቱም ይበልጥ የሚጎዳው እንደ ጋምቤላ ያሉ ጠረፋማ ክልሎችን ነው ብዬ እከራከራለሁ።

ይህን ለማስረዳት 2005 ዓ.ም. ብቻውን ይበቃል። ካርቱም ላይ 5 ለ 3 የተሸነፈው ቡድን ጥቅምት 4 ቀን አዲስ አበባ ላይ ሱዳንን 2 ለ 0 ረታ፤ ድምሩ 5 ለ 5 ስለሆነም ከሜዳው ውጭ ባስቆጠራቸው ግቦች ብልጫ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመለሰ። ለብራዚሉ የዓለም ዋንጫ በሚደረገው ማጣሪያም ምድቡን ይመራ ነበር። ሰኔ 1 ቀን ቦትስዋናን በሜዳዋ 2 ለ 1 አሸነፈ፤ ሰኔ 9 ቀን ደቡብ አፍሪካን አዲስ አበባ ላይ በተመሳሳይ ውጤት ሲረታ ምድቡ ያለቀለት መሰለ። ይሁን እንጂ ምንያህል ተሾመ በሁለት ቢጫ ካርድ ምክንያት ከቦትስዋናው ጨዋታ መቅረት ሲገባው ተሰልፎ ኖሯል። ፌዴሬሽኑ ስህተቱን አመነ፤ ፊፋም ጨዋታውን 3 ለ 0 በሆነ ፎርፌ ለቦትስዋና ሰጠ። ቡድኑ ጳጉሜን 2 ቀን ብራዛቪል ላይ መካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክን 2 ለ 1 እስኪያሸንፍ ድረስ ወደ መጨረሻው ዙር ማለፉ አልተረጋገጠም ነበር።

እኛ ተረፍን፤ ኬፕ ቨርዴ ግን አልተረፈችም። በዚያው ማጣሪያ ቱኒዝያን በሜዳዋ 2 ለ 0 አሸንፋ ምድቧን ከመራች በኋላ ቅጣት ላይ የነበረ ተጫዋች በማሰለፏ ውጤቱ ተገለበጠ፤ ያለፈችውም ቱኒዝያ ሆነች። የስታዲየም እጦት ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ቢያንስ በሜዳ ላይ የሚታገሉት ችግር ነው። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ቡድናችን በማላዊዋ ሊሎንግዌ «ባለሜዳ» ተብሎ ግብፅን 2 ለ 0 አሸንፏል።

ጋምቤላ ለዚህ ቡድን ኡመድ ኡክሪንና ጋቶች ፓኖምን አበርክታለች። ስለ ክልሉ ተጫዋቾች ሲነሣ ወሬው ወዲያው ወደ ቁመትና ጉልበት ይዞራል፤ ይህ አነጋገር ለእኔ ከጥናት ይልቅ ለተረት የቀረበ ነው። መጠየቅ ያለበት ከአብሮ አደጎቻቸው መካከል ስንቱ ፓስፖርት ሊያወጣ ይችል ነበር የሚለው ነው። ለአገር መጫወት የዚያችን አገር ዜግነት ይጠይቃል፤ ማረጋገጫው ፓስፖርት ነው፤ የፓስፖርቱ ሥር ደግሞ የቀበሌ መታወቂያና የልደት የምስክር ወረቀት ነው። ኑዌርና አኙዋ ከድንበሩ ወዲህም ወዲያም ይኖራሉ። ክልሉ ከ300,000 የሚበልጡ የደቡብ ሱዳን ስደተኞችን አስጠግቷል፤ ደቡብ ሱዳንም ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ የፊፋ አባል ናት። ስለዚህ የኢታንግ ወይም የላሬ ልጅ የየት አገር ልጅ እንደሆነ የሚቀርብለት ጥያቄ ለአዳማ ልጅ ከሚቀርበው ይልቅ ይበረታል። ጥያቄው በራሱ ነውር የለበትም፤ መልሱ በቃል ብቻ መሆኑ ነው ጉዳቱ።

የዕድሜው ጉዳይ ከዚህም ይከፋል። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአዋጅ ቁጥር 760/2004 ተደንግጎ በሥራ ላይ መዋል የጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ዛሬ በ16 እና በ17 ዓመት የሚገኝ ታዳጊ የተወለደው ከዚያ በፊት ነው። ብዙ እናቶች የልጃቸውን ልደት የሚያስታውሱት ባሮ ሞልቶ ሰፈር ባጥለቀለቀበት ክረምት ወይም ቤተሰቡ በተፈናቀለበት ዓመት ነው። በሌላ በኩል ፊፋ ናይጄሪያ ላይ በ2002 ዓ.ም. ከተካሄደው ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ ጀምሮ የተጫዋቾችን የእጅ አንጓ በኤምአርአይ ያስመረምራል። መሣሪያው የአጥንትን ብስለት እንጂ የልደት ቀንን አያነብም። ዕድሜው በግምት የተጻፈለት ልጅ ሁለት ዓመት ሠልጥኖ ውድድሩ ሊጀመር ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ከዝርዝሩ ይሰረዛል። ልጁ ለመዋሸት አስቦ ላይሆን ይችላል፤ የሚቆጠረው ግን እንደ አጭበርባሪ ነው።

ሕጉ የዘገየ ምዝገባን ይፈቅዳል። የክልሉ ትምህርት ቢሮና የስፖርት መሥሪያ ቤቱ ከምዝገባ ጽሕፈት ቤቶች ጋር ተስማምተው ልጆችን አንደኛ ክፍል ሲገቡ ቢያስመዘግቡ፣ የታዳጊ ፕሮጀክቶች አሠልጣኞች በግምት መሥራታቸው ይቀንሳል። ይህ ለሐሰት ዕድሜ በር ይከፍታል የሚል ተቃውሞ ሰምቻለሁ። አልስማማም፤ በ7 ዓመት ልጅ ዕድሜ ላይ ለኳስ ብሎ የሚያጭበረብር የለም፤ በ16 ዓመቱ ግን አሠልጣኙም ክለቡም ቤተሰቡም ምክንያት አላቸው። ለእኛ ለተመራማሪዎች የሚቀረው ግልጽ ነው፤ በአንድ ወረዳ የአንደኛ ክፍል መዝገብንና የቀበሌውን የልደት መዝገብ ጎን ለጎን አስቀምጦ ስንት ስም በሁለቱም እንደሚገኝ መቁጠር ለአንድ የማስተርስ ጥናት የሚመጥን፣ በአንድ ዓመት የሚያልቅ ሥራ ነው።